ትርፍ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ

ሚስቴ መዝገብ የምትይዘው ሌላ ሰው ቂም እንደሚይዘው ነው፤ አትረሳም፣ አታድበሰብስም፣ አንዲት መስመር አትዘልም። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁና ማማት ብፈልግ ሌላ ስንት ጉድ አለኝ።

የትምህርት ቤት ምገባ ኃላፊ ናት። ስድስት መቶ ልጆች በየቀኑ ምሳቸውን የሚበሉበት ወጥ ቤት፣ ከጀርባው ያለው መጋዘን፣ ለዚያ ሁሉ የሚመጣው ገንዘብ በእሷ እጅ ነው። ለአንድ ልጅ በቀን የተፈቀደው ሩዝ መቶ ሃምሳ ግራም ነው፤ እሷ ዘንድ መቶ ሃምሳ ማለት ደግሞ መቶ ሃምሳ ማለት ነው። ልጆቹ "እትዬ ግራም" የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙን የሰማች ቀን ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ደስ ብሏት ቤት ገባች።

እኔ ሚዛን ጠጋኝ ነኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ሲሆን፣ በመንገዱ በኩል በር የተከፈተላት ሦስተኛዋ ጠባብ ክፍል መሥሪያዬ ናት። የባለ ሱቁ፣ የከሰል ሻጩ፣ የቁርጥራጭ ብረት ገዢው ሚዛን ሲያብድ ወደኔ ይመጣል። አስተካክዬ፣ ፈትሼ፣ የእርሳስ ማኅተሜን አትሜበት እመልሳለሁ። ማኅተሜ ያለበትን ሚዛን ማንም አይጠራጠርም። በዚህ ትንሽ እኮራለሁ፤ ሚስቴ "ትንሽ" የምትለዋን ቃል በሰማች ቁጥር ትስቃለች።

ለመፈተሻ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አለኝ። ለትንንሽ ሚዛን የናስ፣ ለትልልቅ ሚዛን ደግሞ እጀታ ያለው ባለ ሃያ ኪሎ ብረት። ብረቱን የወረስኩት ሙያውን ካስተማሩኝ ሽማግሌ ነው። ዝገት እንዳይነካው በየስድስት ወሩ ቀለም እቀባዋለሁ፤ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ግራጫ፣ ደስ ሲለኝ ቀይ። ሚስቴ "ሙሽራህ" ትለዋለች። የቤታችን በር ቀለሙ ተላልጦ እንጨቱ ሲታይ ሙሽራዋ ግን በዓመት ሁለቴ ትኳላለች እያለች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትነዘንዘኝ ኖራለች።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የሚልከው በሳህን ቁጥር ነው፤ ስንት ልጅ በላ፣ ለእያንዳንዱ ይህን ያህል። እሷ ሦስት መዝገብ ትይዛለች፤ አንዱ ወደ መጋዘን የገባውን፣ አንዱ ከመጋዘን የወጣውን፣ አንዱ የተበላውን ሳህን። በወሩ መጨረሻ ጆንያ እያስነሳች ታስመዝናለች። ከገባው ላይ የወጣው ሲቀነስ መጋዘን ውስጥ ካለው ጋር እኩል መምጣት አለበት። ከመሥሪያ ቤቱ የሚላከው የታተመ ቅጽ "ጉድለት" የሚል ዓምድ አለው። የጎደለው እዚያ ይጻፋል፣ ከኃላፊው ደመወዝ ይቆረጣል፣ በዚያው ያልቃል።

ኃላፊ በሆነች በመጀመሪያው ወር ምንም አልጎደለም። አሥራ ስድስት ኪሎ ሩዝ ተረፈ።

ለትርፍ የሚሆን ዓምድ የለም። ቅጹን ያሳተመው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ አላሰበም፤ ሲመጣም ብዙዎች ምን እንደሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ በዘንቢል ይወጣል ወይም አንድ ቀን ድስቱ ሞላ ብሎ ይቀቀላል። ሚስቴ ማስመሪያ አነሳች። በቅጹ ቀኝ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አሰመረች፣ ከላይ "ትርፍ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ" ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ አሥራ ስድስት አለች። ሩዙን ለብቻው ጆንያ ውስጥ አድርጋ፣ ወረቀት ለጥፋበት፣ የመጋዘኑ ጥግ ላይ አስቀመጠችው።

በሁለተኛውም ወር አሥራ ስድስት፣ በሦስተኛው አሥራ አምስት፣ እንዲህ እያለ ሃያ ወር ሄደ። ጥግ ላይ ያለው ሩዝ ሦስት ኩንታል ከአሥራ ስምንት ኪሎ ደረሰ፤ ቀዩ ዓምድም ሃያ መስመር ሞላው።

"ሰው የሚጨነቀው ሲጎድልበት ነው" አልኳት አንድ ጠዋት። "አንቺ ደግሞ ሲተርፍሽ።"

"እኔን የሚያስጨንቀኝ ያልገባኝ ነገር ነው" አለች ጫማዋን እያሰረች። "ጎደለም ተረፈም ያው አልገባኝም ማለት ነው።"

በሃያኛው ወር ከመሥሪያ ቤቱ ኦዲተር መጣ። ቀጭን፣ በዝግታ የሚናገር፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚቀመጥ ሰው ነው። የሆነውን ያወራችልኝ እሷ ናት። መዝገቦቹን ሁሉ አገላብጦ ምንም እንከን ሲያጣ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር አለችኝ። ቀዩ ዓምድ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

"ይሄ ሩዝ ከየት መጣ?"

"አላወቅኩም። እንደሚያዩት ጽፌዋለሁ።"

"እትዬ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ መቶ ሃምሳ ግራም ወጣ ብለው ፈርመዋል። ጥግ ላይ ሦስት ኩንታል ተከምሯል። ትርፍ ማለት እኮ ሳህን ላይ ያልደረሰ ምግብ ማለት ነው።"

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሳት። የትርፉን ምክንያት በአሥር ቀን ውስጥ በማስረጃ ካላስረዳች ከኃላፊነቷ ትነሳለች፤ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግቡም በኮንትራት ከውጭ ይመጣል። እዚሁ ጠረጴዛችን ላይ ነው ያነበበችው። ትነሳለች የሚለውን አንብባ አለፈች። "የልጆችን ድርሻ በመቀነስ ጥርጣሬ" የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በማግስቱ ደግሞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት እናት ለሌላዋ "የልጆቻችንን ሩዝ የምታጠራቅመው ይቺ ናት" ስትል ጆሮዋ ገባ። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

እኔ ደሜ ፈላ። "አየሽ? በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብትጨምሪላቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ማን ጻፊ አለሽ?"

"ሩዙ ነበረ" አለች። "ስለነበረ ጻፍኩት።"

"አሁንም አልረፈደም። ቀቅዪላቸውና ተገላገይ።"

"ሃያው መስመርስ? እሱንም ልቀቅለው?"

በእኛ ቤት ክርክር የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ እሷ አንድ ነገር ትላለች፣ እኔ ኮፍያዬን አነሳለሁ።

የዚያን ቀን ኮፍያዬን ያነሳሁት ግን ለመሸሽ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ሁለት ሚዛን አለው። ሩዝ አቅራቢው ነጋዴ ጭነት ሲያመጣ በመጋዘኑ ትልቅ ሚዛን ይመዘናል፤ ለአብሳዮቹ ሲወጣ በወጥ ቤቱ ትንሽ ሚዛን። ሁለቱንም እሷ ኃላፊ በሆነች ሳምንት ያስተካከልኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም በነፃ። ሚዛኖቹ ደህና ከሆኑ ጥፋቱ የሰው ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሰው ደግሞ ይያዛል። ናሶቼንና ሙሽራዬን በጋሪ ጭኜ ሄድኩ።

መጋዘኑ ጠባብና ረጅም ነው፤ ጆንያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድረዋል፣ መስኮቱ ወንፊት ሽቦ አለው። ትልቁ ሚዛን ላይ ብረቱን አስቀመጥኩ። ልክ ሃያ፤ ዝንፍ አላለም። ወጥ ቤት ገብቼ ትንሹ ላይ ናሶቹን አንድ በአንድ አኖርኩ። ልክ። ማኅተሞቼንም የነካቸው የለም። ደረቴን ነፍቼ ዞር ስል ዋና አብሳይዋ ቆማ ታየኛለች።

ዋና አብሳይዋ አሥራ አምስት ዓመት ድስት ያማሰለች፣ ክንዷ የኔን ሁለት የሚያህል ሴት ናት። "ሚዛኖቹ ንጹሕ ናቸው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። "እንግዲህ የሚያንሰው የሚወጣው ነው። በቀን ዘጠና ኪሎ ወሰድኩ ብለሽ ትፈርሚያለሽ። የምትወስጂው ስንት ነው?"

ጭልፋዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ እኔን ነው?"

"ሚዛን አይዋሽም።"

"እኔስ?"

ወጥ ቤት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ እጃቸው ቆመ። ሚስቴ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆና "አንተ፣ ዝም በል" አለችኝ። በሰው ፊት እንዲህ ብላኝ አታውቅም፤ ዝም አልኩ። መጥታ ናሶቹን አየች፣ ተመልሳ ሄዳ ብረቱን አየች። ከዚያ "ናሶቹን ትልቁ ሚዛን ላይ አድርጋቸው" አለች።

"ናስ እኮ ለትንሽ ሚዛን ነው።"

"አድርጋቸው።"

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አድርጌው አላውቅም። ናስ ለትንሽ፣ ብረት ለትልቅ፤ እንዲህ ተማርኩ፣ እንዲህ ሠራሁ፣ ሁለቱን አገናኝቼ የማየት ሐሳብ አንድ ቀን ብልጭ ብሎልኝ አያውቅም። ሦስት ባለ አምስት፣ ሁለት ባለ ሁለት፣ አንድ ባለ አንድ፤ ሃያ ኪሎ ናስ ደረደርኩ። ሚዛኑ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም አለ።

"ናሱ ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ናስ በእጅ ብዛት ያልቃል።"

ብረቱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ጠርዙ ላይ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። የቀለም ቅርፊት ተላቆ እጇ ላይ ቀረ። ገልብጣ አሳየችኝ፤ ከላይ ቀይ፣ ከሥሩ ግራጫ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያ ደግሞ ግራጫ፣ ወደ ታች እየተነባበረ የሸሚዝ አዝራር የሚያህል ውፍረት ነበረው።

"ይሄ ሁሉ ስንት ይመዝናል?" አለች ቀስ ብላ።

ዋና አብሳይዋ የሽንኩርት ቢላዋን ዘረጋችልኝ። ሙሽራዬን መጋዘኑ ወለል ላይ አጋድሜ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ፋቅኳት። ቅርፊቱን በፕላስቲክ ከረጢት ሰብስበን ትንሹ ሚዛን ላይ አደረግነው፤ መቶ ዘጠና ሰባት ግራም። እርቃኑን የቀረውን ብረት ትልቁ ላይ ስናስቀምጠው እሱም እንደ ናሱ አሥራ ዘጠኝ ከስምንት መቶ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሃያ ኪሎ የምለው ብረት ከነቀለሙ ሃያ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆኖ ኖሯል። ትልቁን ሚዛን በእሱ ስላስተካከልኩት፣ ከመቶ ኪሎ ላይ አንድ ኪሎ ይደብቃል። ነጋዴው ሙሉ መቶ ይዞ ሲመጣ ሚዛኑ ዘጠና ዘጠኝ ይለዋል፤ ነጋዴው ከተፈታ ጆንያ በጣሳ ይጨምራል፤ መቶ ሲል ይፈራረማሉ። ለአብሳዮቹ ሲወጣ ግን በትክክለኛው ሚዛን ነው። ስለዚህ በየኩንታሉ አንድ ኪሎ ጥግ ላይ ይቀራል። ልጆቹ አንዲት ግራም አልጎደለባቸውም ነበር።

ሚስቴ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። "በሃያ ወር የገባው ሦስት መቶ ሃያ አራት ኩንታል ነው" አለች፣ መዝገቡን ሳትከፍት። "መትረፍ የነበረበት ሦስት መቶ ሃያ አራት ኪሎ። ያለው ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ስድስቱ ከጆንያ የፈሰሰና ከወለል የተጠረገ ነው። እሱንም ጽፌዋለሁ።"

ከፍተን አየን፤ ጽፋዋለች። ኮራሁም፣ አፈርኩም። ዞሬ ዋና አብሳይዋን "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አጥፍቻለሁ" አልኳት።

"ጋሼ፣ ቢላዬን ይመልሱልኝ" አለች። "ሽንኩርቱ እየጠበቀኝ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ሚስቴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ መልሱን ስትጽፍ በትከሻዋ በኩል አነበብኩት። ኩንታሉ፣ ኪሎው፣ ስሌቱ፣ ሁሉም አለ። ምክንያት የሚለው ጋ "የሚዛን ስህተት" ይላል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ፊርማዋ ያልፋል።

"የማን ስህተት እንደሆነ አልጻፍሽም" አልኳት።

"ከጠየቁኝ እናገራለሁ" አለች፣ ቀና ሳትል። "ካልጠየቁኝ ይሄ ይበቃል። አንተም እንጀራህ ነው።"

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ መስመር ስትዘል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው፤ የዘለለችውም ለኔ ብላ ነው። ወደ መሥሪያዬ ገብቼ ከራቁቱ ብረት አጠገብ ብዙ ተቀመጥኩ። በሰፈሩ ማኅተሜ ያለባቸው ሰባት ትልልቅ ሚዛኖች አሉ፣ ሁሉም በዚያ ብረት የተስተካከሉ። ነገሩ ከወጣ ሚዛን ጠጋኝነቴ መሳቂያ ይሆናል። ካልወጣ ደግሞ "የሚዛን ስህተት" የሚል ባዶ ቃል ይዛ ኦዲተሩ ፊት የምትቆመው እሷ ናት። ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

በዘጠነኛው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ኦዲተሩ ወረቀቱን አነበበና ቦርሳውን ጭኑ ላይ አመቻቸ። "ሚዛን ተበላሽቶ ነው የሚል ኃላፊ በየወሩ ይመጣብኛል፣ እትዬ። ማስረጃው የታለ?"

እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ብረቱን ከያዝኩት ጆንያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ የቀለሙንም ከረጢት አጠገቡ። "ማስረጃው ይሄ ነው" አልኩ። "ሚዛኑን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ማኅተሙም የኔ ነው።" ከአረንጓዴው ጀምሬ እስከ ቀዩ ነገርኩት።

"ባለቤቷ ነዎት?" አለኝ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ።

"ነኝ። አላምንም ካሉ የራሳችሁን መመዘኛ ይዛችሁ ኑ።"

በማግስቱ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱን መመዘኛ ይዞ መጣ። ሃያ ኪሎ ትልቁ ሚዛን ላይ አደረገ፤ አሥራ ዘጠኝ ከስምንት መቶ። የተቀረውን ሚስቴ በመዝገብ አሳየችው፤ ሃያ ወር፣ ሃያ መስመር፣ በየኩንታሉ አንድ ኪሎ። ከጨረሰ በኋላ መዝገቡን ሳይዘጋ ቀና አለ።

"እትዬ፣ ባይጽፉት ኖሮ እኔ አላገኘውም ነበር። ይህን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ጻፉት?"

"ሩዙ ስለነበረ" አለች፣ ለኔ እንዳለችኝ።

ሰውየው መዝገቡን ዘግቶ ጨበጣት። እኔ እዚያ ጆንያ መካከል፣ ቀለም በጥፍሮቼ ሥር እንደቀረ ቆሜ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። የኮራሁት ደግሞ ሁሉ ሰው የኔን ስህተት በሚያወራበት ቀን ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ሩዙ ባለቤት አለው። ሚስቴ ነጋዴውን አስጠርታ ሦስት ኩንታል ከሃያ አራት ኪሎ እንዳለብን ነገረችው። የፈሰሰውን ስድስት ኪሎም ቆጠረችለት። ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ሚዛንሽ አንድ ኪሎ እንደሚበላ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ፣ እትዬ። የማስረክብበት ቦታ ሁሉ ሦስት ኪሎ ይበላል። ይቺ ሴት አንድ ብቻ ነው የምትወስደው፣ ደግ ሰው ናት እያልኩ ስመርቅሽ ነው የኖርኩት።"

ይህን ሰምታ ሁለት ቀን አኮረፈች። ሃያ ወር ሙሉ በርካሽ ሌባ ስም ተመርቃ መኖሯ ከደብዳቤው ይልቅ አሳመማት። ሩዙ ግን ከሚቀጥለው ጭነት ላይ ተቀንሶ፣ ተፈርሞበት፣ ተዘጋ።

እኔም ሰባቱን ሚዛኖች ዞሬ በነፃ አስተካከልኩ። ከሰል ሻጩ ለስንት ዓመት ለደንበኞቹ መርቆ ሲሸጥ እንደኖረ ሲገባው ከሱቁ አባረረኝ። ቁርጥራጭ ብረት ገዢው ደግሞ በተቃራኒው "ይቅር ግድ የለም፣ እንዲሁ ይሁን" እያለ ሚዛኑን አላስነካ ብሎኝ ተጨቃጨቅን። በሳምንቱ ሁለቱም ሌላ ሥራ ይዘውልኝ መጡ። ጥፋቱን ራሱ መጥቶ የሚናገር ጠጋኝ ሌላ የት አለ ብለው ነው አሉ። በእጄ የቀረውን ቀለም የቤታችንን በር ቀባሁበት። ሚስቴ ገብታ አየችና ስንት ጣሳ እንደፈጀ ጠየቀችኝ።

በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች አዲስ ቅጽ ላከ። "ጉድለት" ከሚለው አጠገብ አዲስ ዓምድ ታትሟል፤ "ትርፍ" ይላል፣ ከጎኑም "ምክንያት"። እሷ ቅጹን አየት አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን አንድ የተበላሸ ቅጂ ለምኜ መሥሪያዬ ግድግዳ ላይ፣ ከራቁቱ ብረት በላይ ሰቀልኩት። ብረቱን አሁን በየሳምንቱ ዘይት በነካው ጨርቅ እወለውለዋለሁ፤ አስቀያሚ ነው፣ ልክ ሃያ ኪሎ ነው።

ሚዛን ይዞ የሚመጣ ሁሉ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል።

"ይቺን ዓምድ መጀመሪያ በማስመሪያ ያሰመረቻት ሚስቴ ናት" እላለሁ፣ አፌን ሞልቼ። "ዛሬ በሁሉም ትምህርት ቤት አለች።"

"ምክንያት የሚለውስ?" ይሉኛል።

"እሱ እኔ ነኝ" እላለሁ።